ለዩኒቨርሲቲ ክፍት ቀንና ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ ምን ይለበሳል?



እንደሚታወቀው በየዓመቱ በብርዱ ወራት፣ ብዙውን ጊዜ ከየካቲት ጀምሮ፣ የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች በራቸውን ለአዲስ አመልካቾች ይከፍታሉ። ቀኑ በዕብራይስጥ ዮም ፓቱዋሕ ይባላል፤ እኛ ክፍት ቀን እንለዋለን። ከዚያም በኋላ አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች አመልካቹን ጠርተው በአካል ያነጋግሩታል፤ ይህም ሬአዮን፣ በአማርኛ ቃለ መጠይቅ ነው። ስለ ባግሩትና ስለ ፕሲኮሜትሪ ሊጠይቁን የሚመጡ ወላጆች ጉዳያቸውን ጨርሰው ከወንበር ሲነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ልጁ ምን ለብሶ ይቅረብ?» ይሉናል። ጥያቄው ትንሽ መስሎ ስለሚታያቸው ያፍሩበታል። እኛ ግን የሚታፈርበት ሆኖ አላገኘነውም። ከጥያቄው በስተጀርባ የሁለት አገር ሥርዓት ስላለ ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት ወደድን። ዓመታቱን የጠቀስነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአባቶቻችን አገር ልብስ ይናገር ነበር። ጨርቁ ስሙን ያገኘው ከእጥፉ ነው፤ አንድ እጥፍ የሆነው ነጠላ ተባለ፣ ሁለት እጥፉ ኩታ፣ አራት እጥፉ ጋቢ። ከወንዶቻችን ብዙዎቹ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች፣ ሴቶቻችን ደግሞ ሸክላ ሠሪዎችና ጥጥ ፈታዮች ስለ ነበሩ ድርና ማጉን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እናውቀዋለን። ያው አንድ ሸማ እንደ አለባበሱ የተለያየ ወሬ ያወራል። ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች፤ ሐዘኑ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ቀሚሷን ከል ታስነክራለች። በትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ፣ ወገቡ ላይ አደግድጎ ይቆማል። ማደግደግ ማለት «እኔ ከአንተ በታች ነኝ፣ ለመታዘዝ ተዘጋጅቻለሁ» ማለት ነው፤ በአፍ መናገር አያስፈልግም። ለሰንበት ደግሞ ዓርብ ወደ ወንዝ ወርደን ገላችንንም ልብሳችንንም አጥበን ነጭ እንለብስ ነበር። ጎረቤቶቻችን «ውኃ ውኃ ይሸታሉ» ይሉን የነበረው ከመታጠባችን ብዛት የተነሣ ነው፤ ለስድብ ቢሉትም አላፈርንበትም።

በኦሪትም ስለዚህ ነገር የምንማረው አለ። ዮሴፍ ከእስር ቤት ወጥቶ ወደ ፈርዖን በተጠራ ጊዜ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ልብሱን ለውጦ እንደ ቀረበ በዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ተጽፏል። ልብ ብለን ብናነብ፣ የለበሰው ልብስ ምን ዓይነት እንደ ነበረ አልተነገረንም። ንጹሕ መሆኑ በቂ ነበርና። የበፍታው ልብስና የወርቁ ዝርግፍ የመጣው በኋላ ነው፤ ፈርዖን ያለበሰው ንግግሩን ከሰማ፣ ምክሩንም ከተቀበለ በኋላ ነው። ወደ ቃለ መጠይቅ የሚሄዱ ልጆችና የሚልኳቸው ወላጆች ይህንን ቅደም ተከተል ቢያስቡት ብዙ ጭንቀት ይቀልላቸዋል ብለን እናምናለን።

ጭንቀቱ ከየት እንደ መጣ ደግሞ ማወቅ ያሻል። በኢትዮጵያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ እኛ ማትሪክ የምንለውን፣ ተፈትኖ በውጤቱ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ያለፈው አለፈ፣ የወደቀው ወደቀ። ከአምቦበር ወይም ከሌሎች መንደሮቻችን ተነሥቶ፣ ኮንጎ ጫማ ወይም በረባሶ ተጫምቶ ጎንደር ድረስ ለትምህርት የተመላለሰ ልጅ፣ ምን እንደ ለበሰ የጠየቀው ፈታኝ አልነበረም። ስለዚህ ወላጆቻችን «ባለ ሥልጣን ፊት ቅረብ» ሲባል የሚያውቁት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ደጅ ጥናት ነው። ደጅ የሚጠና ሰው ከቤቱ ያለውን ምርጥ ልብስ ይለብሳል፣ ያደገድጋል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ ሲጠየቅ ብቻ፣ ያውም ባጭሩ ይመልሳል። ጨዋነቱ በዚህ ይለካል። ውሳኔው የጌታው ነው፤ የሚያስፈልገው ርኅራኄ ነው።

ቃለ መጠይቅ ግን ደጅ ጥናት አይደለም። ይህንን ልዩነት ለወላጆች ለማስረዳት ብዙ ደክመናል። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የሚፈልጉት ልጁ ለምን ይህንን ትምህርት እንደ መረጠ፣ ችግር ሲገጥመው እንዴት እንደሚያስብ፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር መስማት ነው። አንገቱን የደፋና ዓይኑን የሰበረ ልጅ በእኛ ዘንድ የታረመ ልጅ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ወይ ያልተዘጋጀ፣ ወይ አንድ ነገር የደበቀ ይመስላል። ልብስ በዚህ ውስጥ ሥራ አለው። በአጎቱ ወይም በወንድሙ ሠርግ የተገዛ፣ ከትከሻው የሰፋ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በማያውቀው ክራባት አንገቱን ታንቆ የሚሄድ ልጅ፣ ሳያስበው የደጅ ጠኚ አቀማመጥ ይቀመጣል። እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ልብሱ አደግድጎታል ማለት እንችላለን።

በዚያም ላይ የዚህ አገር ሰው ራሱ እንደዚያ አይለብስም። ከ1904 እስከ 1914 በነበረው ሁለተኛው ዓሊያና ከእርሱም በኋላ የመጡት ሰፋሪዎች ክራባትን የስደት አገር የከተማ ሀብታሞች ምልክት አድርገው ስለ ቆጠሩት ትተውት፣ አንገቱ የተከፈተ ሸሚዝና አጭር ሱሪ የሠራተኛ ክብር ሆነ። አገሪቱ ከተመሠረተች በኋላም ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ክራባት የሌለው ሸሚዝ ለብሰው ይታዩ ነበር። ከዚህ የተነሣ ልጃችሁን የሚጠይቀው ፕሮፌሰር በበጋ እጅጌው አጭር ሸሚዝ ለብሶ፣ «የታናኽ ጫማ» የሚሉትን ሰንደል ተጫምቶ ቢመጣ፣ ልጁን መናቁ አይደለም። አንዳንድ ወላጅ ይህንን ሰምቶ «እንዲህ ከሆነማ ሰውየው ምን ያስተምራል?» ብሎናል። ያስተምራል፤ እንዲያውም ደህና አድርጎ ያስተምራል። እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ነውና ነገሩን አውቆ መሻገር ይገባል።

ይሁን እንጂ እነርሱ ቀለል አድርገው ለበሱ ማለት ልጃችን ከአልጋው እንደ ተነሣ ይሂድ ማለት አይደለም። ባለቤቱና እንግዳው አንድ አይደሉም፤ ፕሮፌሰሩ ወንበሩን ይዟል፣ ልጁ ገና ሊይዝ ነው።

ከመለባበሱ በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች በባግሩት ውጤትና ከ200 እስከ 800 በሚቆጠረው በፕሲኮሜትሪ ነጥብ እንጂ በቃለ መጠይቅ አይቀበሉም። ቃለ መጠይቅ ያለው በተለይ በሕክምና፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች፣ በአንዳንድ መኺናዎችና ሚልጋ በሚሰጡ ኮሚቴዎች ዘንድ ነው። በቤር ሼቫ በ1974 የተከፈተው የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ለቃለ መጠይቅ ትልቅ ክብደት በመስጠት ይታወቃል። በሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፈተናው ለየት ይላል፤ አመልካቹ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ፣ አንዳንዴም ሕመምተኛ ወይም የተቆጣ ሰው ሆኖ ከሚጫወት ተዋናይ ጋር ይነጋገራል፣ ፈታኞችም ያዩታል። ይህ ለሰዓታት የሚቆይ ስለሆነ፣ የሚያጠብቅ ቀበቶና የሚቆነጥጥ ጫማ በሦስተኛው ጣቢያ ላይ ልጁን ያስረሳዋል።

እንግዲህ ለቃለ መጠይቅ የምንመክረው ይህ ነው። ወንድ ልጅ ንጹሕ፣ የተተኮሰ፣ አንገትጌ ያለው ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ሱሪ፣ የተወለወለ የተዘጋ ጫማ ይልበስ። ያልተቀደደና ያልነጣ ጂንስም በብዙ ቦታ ነውር የለበትም። ክራባት አያስፈልግም። ጽሑፍ ወይም የድርጅት ማስታወቂያ ያለበት ቲሸርት ግን ይቅር፤ ጠያቂው ልጁን ትቶ ደረቱን ያነባልና። ሴት ልጅ ሸሚዝ ወይም ቀለል ያለ ሹራብ ከሱሪ ወይም ከጉርድ ጋር ትልበስ። ሁልጊዜ ረጅም ጉርድ የምትለብስ ሃይማኖተኛ ልጅ ያንኑ ትልበስ፤ ኪፓ የሚያደርግ ልጅም ኪፓውን አያውልቅ። ከራሱ ሌላ ሰው መስሎ የቀረበ ልጅ ግማሹ ሐሳቡ መምሰሉን በመጠበቅ ላይ ይውላል።

ከሁሉ ልብስ ግን አንዱን ለይተን ብንጠራ ነጩን ሸሚዝ እንመርጣለን። በእስራኤል የትምህርት ቤት ልጆች ለበዓልና ለመታሰቢያ ቀን ሥነ ሥርዓት የሚለብሱት ነጭ ሸሚዝ ነው፤ በኪቡጽም የሰንበት ልብስ እርሱ ነበረ። እኛም ለሰንበትና ለስግድ ነጭ ለባሾች ነን። ሁለቱም ወገን ሳይነጋገር የተስማማበት ልብስ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እናቲቱ ስታየው «ልጄ ለትልቅ ቀን ለበሰ» ትላለች፤ ጠያቂውም ሲያየው ያንኑ ይላል።

ጥቁር ልብስን በተመለከተ በየቤቱ ክርክር እንዳለ እናውቃለን። ልጅቱ ጥቁር ጃኬትና ጥቁር ሱሪ ለብሳ ልትወጣ ስትል እናት «ማን ሞተብን? በዚህ ቀን ከል ለብሰሽ ትወጫለሽ?» ብላ በሩ ላይ ትቆማለች። እናቶች ሆይ፣ በዚህ አገር ጥቁር የሐዘን ልብስ አይደለም፤ የአይሁድ የሐዘን ሥርዓት ልብስን መቅደድ እንጂ ከል ማስነከር አይደለም። ጥቁር እዚህ የከተማ ሰው ልብስ ነው። ልጆች ሆይ፣ እናንተም የእናታችሁን ድንጋጤ አትሳቁበት፤ እርሷ የምታነበው ፊደል ሌላ ነው። ከጃኬቱ ሥር ነጭ ሸሚዝ ቢገባ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ይበርዳል።

የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ለቃለ መጠይቅ መቅረብስ ትችላለች ወይ ብለው የጠየቁንም አሉ። ማንም አይከለክላትም። ግን ጥለት ያለው ቀሚስ በእኛው ሥርዓት የበዓልና የሠርግ ልብስ ነው፤ ቃለ መጠይቅ በዓል አይደለም። በ2008 በወጣው ሕግ ስግድ የአገር በዓል ሆኗልና በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ ቀሚሷን ለብሳ ብትታይ እጅግ ደስ ይለናል። ለቃለ መጠይቁ የምትለብሰው ጠያቂዎቹ እንዲራሩላት ወይም እንዲደነቁ ከሆነ ግን ደጅ ጥናቱ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በአንገቷ ላይ ጥለት ያላት ሻሽ ጣል ብታደርግ፣ ለራሷ ደስ ስለሚላት ከሆነ፣ ያምርባታል።

አንዳንድ ጥቃቅን ነገር እንጨምር። አዲስ ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ቀን አይለበስ፤ በፊተኛው ሰንበት ለብሰውት ይቀመጡበት፣ ደረጃ ይውጡበት። ሌሊቱን የሚያድርበት ቦታ ከማዕድ ቤት የራቀ ይሁን። ቁሌቱና የሚቆላው ቡና ለቤታችን ጸጋ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ልብሱ ከልጁ ቀድሞ ይናገራል። ሽቶ አብዝቶ ማርከፍከፍም ያው ነው።

ክፍት ቀን የተባለው ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በዚያ ቀን የሚፈተነው ተማሪው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ነው። ድንኳንና ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ብዕርና ከረጢት እያደሉ «ወደ እኛ ኑ» የሚሉት እነርሱ ናቸው። ገበያ እንደ መውጣት ነው፤ ገበያ የሚወጣ ሰው ደግሞ የሚመቸውን ይለብሳል። ቲሸርትና ጂንስ ይበቃል፤ ከጦር ሠፈሩ በቀጥታ የሚመጣ ወታደርም ማዲሙን እንደ ለበሰ ቢገባ ነውር የለበትም። ጫማው ግን ለእግር ጉዞ የሚሆን ይሁን፤ ግቢዎቹ ሰፋፊ ናቸው። በ1925 የተከፈተው የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በሃር ሃጾፊም ተራራ ላይ ስለሆነ በብርዱ ወራት ነፋሱ ያንገበግባል። የሐይፋው ቴክኒዮን ዳገት ነው። በቤር ሼቫ ጠዋት ኮት ያስለበሰ ቀን እኩለ ቀን ላይ ያስወልቃል። በየበሩ ዘበኛ ቦርሳ ይፈትሻል፣ መታወቂያም ሊጠይቅ ይችላልና ተኡዳት ዘሁት አይረሳ።

ወደዚህ ክፍት ቀን ወላጆችም ይሄዳሉ፤ መሄዳቸውም ተገቢ ነው። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዋና ነገር ለእኛ እዚህ ላይ ነው። ልጆች፣ ወንዱም ሴቱም፣ እናታቸውን «እባክሽ እማዬ፣ ዛሬ ነጠላውን ተይው» እንደሚሉ ደጋግመን ሰምተናል። እናትም ነጠላዋን አጥፋ መሶብ ላይ ታስቀምጥና ባዶ ትከሻዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ወይም «ራሴን አሞኛል» ብላ ትቀራለች። የቀረችው እናት ልጅዋ የት እንደሚማር ሳታውቅ ሦስት ዓመት ያልፋል። ተመራማሪዎች ስለ ወላጆች «አለመሳተፍ» ሲጽፉ ይህችን የታጠፈች ነጠላ ቢቆጥሯት መልካም ነው።

ልጆቹን አንወቅስም። በአውቶቡስ፣ በሱቅ በር፣ በትምህርት ቤት የሰው ዓይን ሲያርፍባቸው ያደጉ ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይታዩ መግባት ይፈልጋሉ። ነገር ግን ነጠላ ለእናታቸው ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። ላገባች ሴት የራስ መሸፈኛዋ ነው። ለአንዳንዷ፣ በአገር ቤት በልጅነቷ በግንባሯ ወይም በአንገቷ የተነቀሰችውን ንቅሳት የምትከልልበት ነው፤ ስለዚያ ንቅሳት ለልጅዋ እንኳ ተናግራ የማታውቅ አለች። «ተይው» የተባለችው አንድ ጨርቅ ብቻ አይደለም። የእኛ አሳብ እናት ነጠላዋን፣ አባትም ከፈለገ ጋቢውን ለብሶ ይሂድ ነው። በእነዚያ ግቢዎች የአረብ እናቶች ሒጃባቸውን፣ የሃሬዲ አባቶች ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ፤ ማንም አያስቆማቸውም። ልጁ የሚያስፈልገው አንድ የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ወደ ጠረጴዛው ሲቀርብ «ይህች እናቴ ናት፣ እርሷም ጥያቄ አላት» ይበል፣ ይተርጉምላትም። እናት ደግሞ በበኩሏ ድፎ ዳቦውንና ቆሎውን ልክ ታድርገው፤ ዘበኛው ቦርሳውን አንድ በአንድ ሲያወጣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ይረዝማል።

ለቃለ መጠይቁ ግን ወላጅ እስከ ክፍሉ በር አይከተል። ቡና መሸጫው ጋ ይጠብቅ።

ስለ ጠጉር ብዙ አንልም። ሹሩባም ሆነ ጎፈሬ፣ የተበጠረና ንጹሕ ከሆነ ለማንም ሲባል አይቆረጥም። በ2007 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ የትምህርት ተቋማት አመልካችን በትውልዱ ምክንያት እንዳያበላልጡ ይከለክላል። ጠያቂ ከትምህርቱ ወጥቶ ስለ ቀለም ወይም ስለ አመጣጥ የሚያስከፋ ነገር ቢናገር፣ ልጁ እዚያው አይጣላ፤ ከወጣ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል በወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያም ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ያቅርብ። ሳይጻፍ የቆየ ቃል ሲነገር ይለዋወጣል።

ስለ ገንዘብም እንናገር። ለአንድ ቀን ቃለ መጠይቅ በብድር ሙሉ ልብስ የገዙ ቤተሰቦችን እናውቃለን፤ ገንዘቡ ለፕሲኮሜትሪ መዘጋጃ ኮርስ ቢውል የተሻለ ነበር። አንድ ደህና ጃኬት በአክስትና በአጎት ልጆች መካከል ቢዘዋወር ማንም አያውቅም። ልብሱ በልኩ ካልሆነ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በጥቂት ሰቅል ያስተካክለዋል።

በመጨረሻ ለቤተሰቦች አንድ ጥያቄ አለን። በ1905 ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ይዘዋቸው ሲሄዱ፣ በ1955ም ወጣቶቻችን ወደ ክፋር ባትያ ሲላኩ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ልብስ የለወጡት የመጀመሪያዎቹ ልጆቻችን እነዚህ ነበሩ። ምን እንደ ለበሱ የምናውቀው ከፎቶግራፎች ነው። ከ1984 እና ከ1991 ዓሊያ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች ፎቶግራፍ ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። በክፍት ቀን ወይም በመጀመሪያው የትምህርት ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ ከጀርባው ላይ ማን፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተነሣና ልብሱ ከየት እንደ መጣ በእርሳስ ጻፉበት፤ ቅጂውንም ለማኅበሩ ብታደርሱን በወግ እናስቀምጠዋለን። እናት በነጠላዋ የቆመችበት ከሆነ በተለይ እንፈልገዋለን።